ሰላም የማትለው የጎረቤት ድመት

ገርጂ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የእኛን ግቢና የጎረቤታችንን ግቢ የሚለይ የብሎኬት አጥር አለ። አጥሩ የቆመው ለይስሙላ ነው። እናቴና ጎረቤታችን ሲያሻቸው በላዩ ወሬ ይቀባበላሉ፣ ሲያሻቸው ቲማቲም፣ ሲያሻቸው ደግሞ ኩርፊያ። ጎረቤታችን ከወሎ የመጡ ሙስሊም እናት ናቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ መገናኛ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ አብሯቸው የሚኖረው ልጃቸው ደግሞ ከመገናኛ ገርጂ ሚኒባስ ይነዳል። እናቴ ከጎንደር መጥታ በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግላ ጡረታ የወጣች ናት። የሁለቱም ምላስ ሥጋ ይቆርጣል። እኔ በሁለቱ መካከል ያደግሁ፣ አሁን ቦሌ አንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር፣ ያላገባሁ፣ በዚህም ምክንያት ከአጥሩ በሁለቱም በኩል የምጨቀጨቅ ልጃቸው ነኝ።

ሁለቱ ሴቶች በበዓል አንድ ወግ አላቸው። አንዱ ቤት የታረደውን ሌላው ቤት ስለማይበላው በሳህን ወጥ መላላክ የለም። የሚላከው ነፍስ ያለው ዶሮ ነው። ለፋሲካ እናቴ መልከ መልካም አውራ ዶሮ መርጣ ለጎረቤታችን ትሰጣለች፤ እሳቸው ልጃቸውን ቢስሚላህ አሰኝተው ያሳርዳሉ። ለአረፋ ተራው የእሳቸው ነው፤ ዶሮው በእኛ እጅ በስመ አብ ተብሎ ይታረዳል። እንዲህ ሆኖ በበዓል ቀን ሁለቱም ቤት ወጥ ወጥ ይሸታል፣ ማንም ሃይማኖቱን አይነካም። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ይህ ወግ ተቋርጦ አያውቅም ነበር።

እናቴ የስጦታ ዶሮ እግር በሲባጎ አታስርም። «ሲባጎ የገበያ ነው» ትላለች። ያረጀ ነጠላዋን ጥለት ቀድዳ ታስቀምጥና በዚያ ታስረዋለች። የራሷ ቋጠሮ አላት፤ እኔ ስንት ጊዜ ልማር ሞክሬ ያልተሳካልኝ፣ በመቀስ ካልሆነ የማይፈታ ቋጠሮ ነው።

ሌላም ወግ አላቸው፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው። ስጦታ የሰጠ ሰው «ደረሰሽ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። መጠየቅ ውለታ መቁጠር ይሆናል። ያልደረሰው ሰውም «ምነው ቀረ?» አይልም፤ እሱማ ልመና ነው።

አምና በፋሲካ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ዶሮዋን ታቅፋ ወደ ጎረቤታችን ሄደች። ቤቱ ሰው አልነበረበትም። ወሎ ሰፈር የምትኖረው ሴት ልጃቸው ስለወለደች እሳቸው አራስ ጥየቃ ሄደዋል፤ ሹፌሩ ልጃቸው ሥራ ላይ ነው። እናቴ ግን የዚያን ግቢ በር በውጭ እጇን ሰዳ መክፈት ታውቅበታለች። ዶሮውን ቧንቧው አጠገብ በካርቶን ውስጥ አስቀመጠች፣ ክዳኑን ገርበብ አደረገችለት፣ ውኃ በጣሳ አኖረችለትና ተመለሰች። «ስትመጣ ታገኘዋለች» አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

ጎረቤታችን የተመለሱት በበዓሉ ማግስት ነው። በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «እንኳን አደረሰሽ» አሉ። እናቴም «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች። ከዚያ ሁለቱም ጠበቁ። እናቴ የጠበቀችው «የዶሮሽ ጣዕም ዘንድሮስ!» የሚለውን ነበር። እሳቸው የጠበቁት ምን እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። ጥቂት ስለ አራሷ ተወራ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ተወራ፣ ስለ ዶሮ ግን አንድም ቃል ሳይወጣ ተለያዩ።

«አራስ ቤት ሰንብተው ደክሟቸው ይሆናል» አልኳት።

«አፍ አይደክምም» አለች እናቴ።

ከዚያ ወዲያ አጥሩ በእውነት አጥር ሆነ። ሰላምታ አለ፣ ግን እንደ ቢሮ ሰላምታ ነው። እናቴ ቡና ሲፈላ «ጥሪያት» ማለቷን ተወች፤ ከማዶም ጥሪ አልመጣም። ቲማቲም እንኳ መሻገር አቆመ።

ይህ ሁሉ ኩርፊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ ነበር። ወንድሜ ግን አያት ሰፈር አፓርታማ ገዝቶ እናቴን ወደዚያ ለመውሰድ ሲወተውት ኖሯል። ሊፍት አለው፣ ውኃ አይጠፋም፣ ጥበቃው ዩኒፎርም ለብሶ ሰላምታ ይሰጣል ይላል። የእናቴ መልስ ሁልጊዜ «ጎረቤቴን ለማን ትቼ?» የሚል ነበር። ከፋሲካው በኋላ ታዲያ አንድ ቀን ስልክ ይዛ «ለመሆኑ ክፍሉ ፀሐይ ያገኛል?» ስትለው ሰማኋት። እናቴ ስለ ፀሐይ መጠየቅ ከጀመረች ግማሽ መንገድ ሄዳለች ማለት ነው። ገርጂን ያለ እሷ፣ እሷንም ያለ ገርጂ ማሰብ አልቻልኩም። «ጠይቂያቸው እንጂ፣ እኔ ልጠይቅልሽ» ብላት «ብትጠይቂያት እናትሽ አይደለሁም» ብላ አፌን ዘጋችው።

አውሬዋን ያየኋት በእነዚያ ሳምንታት ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልብስ ከገመድ እየሰበሰብን ሳለ በአጥሩ ላይ አንዲት ረዘም ያለች፣ እግሯ ያጠረ፣ ሹል አፍንጫ ያላት ነገር ቀስ ብላ አለፈች። ከፊቷ ቀድሞ የደረሰው ዓይኗ ነው፤ ሌላው ሁሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ ጅራቷ ገና እያለፈ ነበር።

እናቴ ቀና ብላ አየቻት። «የእሷ ድመት ናት» አለች። «እያት እስቲ፤ ድመቷ እንኳ ሰላም ማለት ትታለች።»

«እማዬ፣ ይቺ ድመት አይደለችም።»

«ታዲያ ምንድን ናት? አስተማሪ አይደለሽ?»

አስተማሪነቴ በቤታችን የሚነሳው መልስ ሲጠፋኝ ብቻ ነው። ስልኬን አውጥቼ ያነሳሁት ፎቶም ከጅራቷ በቀር ሁሉም ነገር የተምታታበት ሆነ። ደግነቱ ጅራቷ ብዙ ይናገራል፤ ነጭና ጥቁር ቀለበት እየተፈራረቀበት ጫፉ ላይ ይጠቁራል። ሸለምጥማጥ ናት።

ሸለምጥማጥን ገጠር የኖረ ሁሉ በስሟ ያውቃታል፣ በአብዛኛውም ከእርግማን ጋር። ድመት ትመስላለች፣ ግን ወገኗ ከድመት ይልቅ ወደ ጥርኝ ያደላል። ዝርያዋ ብዙ ነው። አንደኛዋ በሳይንስ መጻሕፍት የአገራችንን የጥንት ስም ይዛ ትጠራለች፤ የሐበሻ ሸለምጥማጥ ልንላት እንችላለን። ሌሎቹ ዘመዶቿ ገላቸው ሁሉ ነጠብጣብ ሲሆን የእሷ ጀርባ ላይ ግን ጥቋቁር መስመሮች ከትከሻ ወደ ጅራት ይወርዳሉ። አመድማ ናት፣ ደጋ ትወዳለች። ከዚህ ወዲያ ስለ እሷ የታወቀው እጅግ ጥቂት ነው። ስንት እንደምትወልድ፣ ግልገሎቿን የት እንደምትደብቅ በዱር ተከትሎ አይቶ በወጉ የጻፈ አላገኘሁም። በስማችን የምትጠራ ዘመዳችን ናት፤ እኛ ግን አናውቃትም። የእኛዋ እሷ ትሁን ሌላዋ፣ በደበዘዘ ፎቶ አልምልም። ግን እንድትሆን በጣም ፈልጌ ነበር።

ይህንን ሁሉ ለእናቴ ምስር እየለቀመች ሳለ ዘረዘርኩላት። ብቻዋን የምትኖር ፍጥረት ናት አልኳት፤ ቀን ተኝታ ሲመሽ ትወጣለች፣ ከሁሉ በላይ አይጥ ትበላለች፣ ጢንዚዛም ፍራፍሬም አትንቅም።

«ብቸኛ፣ ቀን የምትተኛ፣ ያገኘችውን የምትበላ» አለች እናቴ። «ወንድ ብትሆን ለእሷ እድርሽ ነበር።»

«ደግሞ እንደ ሌሎች አውሬዎች በየሜዳው አትጸዳዳም። አንድ የተለየ ቦታ መርጣ ሁልጊዜ እዚያው ነው።»

እናቴ እጇን ከምስሩ አነሳች። «ይሄስ ጨዋነት ነው። አጥራችንን ሽንት ቤት ካደረጉት ሁሉ ትሻላለች።»

አንባቢ ከእኔ ቀድሞ ነገሩን ደርሶበት ይሆናል። እኔ ግን የጠፋ ዶሮ መኖሩን ማን ነግሮኝ? በእኛ ቤት እምነት ዶሮው ደርሷል፣ ተበልቷል፣ ምስጋናው ነው የጠፋው።

ከዚያ አረፋ ደረሰ። እናቴ ምንም እንደማትጠብቅ ልታሳየኝ ጠዋቱን ሙሉ ደጃፍ ላይ፣ ፊቷን ወደ ግቢው በር አድርጋ ተቀመጠች። በጎዳናው ሰው ነጭ ለብሶ ከሶላት ይመለሳል፣ በሩ ሲንኳኳ ትነሳለች፣ የቆሻሻ ሰብሳቢ ይሆናል። ዶሮ አልመጣም። የሚያሳዝነው ከአጥሩ ማዶ አንድ አውራ ዶሮ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ መጮኹ ነው። በማግስቱም ጮኸ። ከዚያም በኋላ በየማለዳው እናቴን ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት እሱ ሆነ።

«እኔን ለማናደድ ነው ያስቀመጠችው» አለች። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ቀን ለወንድሜ ደወለችና «እሑድ አይሱዙ ይዘህ ና» አለችው።

ሳምንቱን ሙሉ ድስት በጋዜጣ ስትጠቀልል አየኋት። እኔም የምጠቀልለውን እየጠቀለልኩ፣ እየተደበቅሁ አለቀስኩ። አያት የዓለም ዳርቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ባቡር ይሄዳል። ግን ሰው ጎረቤቱን አኩርፎ ቤት ሲለውጥ ኩርፊያው ሳይፈታ አብሮ ይጫናል። እናቴ ያንን ይዛ አሥረኛ ፎቅ ላይ ስትቀመጥ ታየኝ።

ቅዳሜ ዕለት ሰማዩ ጠቋቁሯል። የጎረቤታችን ልጅ ክረምቱ ሳይገባ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ሊያስተካክል ጣራ ላይ ወጥቶ ነበር። እቃ ስሰበስብ ከላይ ድምፁን ሰማሁ።

«ቲቸር! ኧረ በናትሽ ነይና እይልኝ! ኮርኒሱ ላይ የሆነ እንስሳ ቶይሌት ሠርቶልናል፤ ሼም የለውም እንዴ?»

ቶይሌት የሚለውን ቃል ስሰማ ሸለምጥማጧ ትዝ አለችኝ። እናቴ «እኔን ሳትጠይቂ የት ነው?» ስትል እኔ በሩን አልፌያለሁ። ጎረቤታችን መሰላሉን ከታች ይዘውልኝ «ቀስ በይ ልጄ፣ ሳታገቢ ወድቀሽ እንዳትቀሪብኝ» አሉኝ። ኩርፊያው እኔን እንደማያካትት ያን ጊዜ ገባኝ፤ ደስም አለኝ።

የተነሳው ቆርቆሮ ሥር አቧራና ሙቀት ነበር። ጥግ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ብርሃኑ ሲነካት ራሷን ቀና አደረገች፣ ሁለታችንንም እንደ ቀበሌ ሠራተኛ ገላመጠችን፣ ከዚያም በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለችው ክፍተት ፈሰሰች ማለት ይቻላል። ወጥታ በግቢው ትልቅ ወይራ ላይ ስትረማመድ ጀርባዋን በቀን ብርሃን አየሁት። መስመሮቹ አሉ! ከትከሻ እስከ ጅራት፣ ጥቁር በአመድማ ላይ። ከመሰላሉ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

«ቆንጆ ናት ባክሽ» አለ ሹፌሩ። «ግን ኪራይ አትከፍልም።»

መጸዳጃዋ እንደተጻፈላት አንድ ቦታ ነበር። የአይጥ ጸጉር፣ የጢንዚዛ ክንፍ፣ የፍሬ ዘር። ይህን ቦታ ለምን እንደመረጠች ገባኝ፤ ቅርንጫፉ ጣራ የሚነካ ወይራ፣ ከግቢዎቻችን ጀርባ ወደ ወንዙ የሚወርድ ቁጥቋጦ፣ በየግንባታው ጣውላ ሥር የሚርመሰመስ አይጥ፣ ሰው የማይወጣበት ኮርኒስ። አዲሶቹ ፎቆች ይህን አይሰጧትም፤ ለእናቴም የሚሰጧት አልመሰለኝም።

ከመጸዳጃዋ ራቅ ብሎ፣ በተኛችበት ጥግ፣ የላባ ክምር ነበር። ላባውን በእንጨት ገፋ ሳደርገው ከሥሩ ሁለት የደረቁ የዶሮ እግሮች ወጡ። ጎን ለጎን፣ በአረንጓዴና በቀይ ጥለት ታስረው። ሥጋውን በልታዋለች፣ አጥንቱን ቆርጥማዋለች። ቋጠሮው ግን እሷንም አሸንፏታል።

እዚያው ጣራ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ፣ ሹፌሩም ግራ ገብቶት «ቲቸር፣ ነከሰችሽ እንዴ?» አለኝ።

ይዤው ወረድኩና ለጎረቤታችን ሰጠኋቸው። ከዚህ በኋላ ምን እንደምላቸው አላውቅም ነበር፤ መጠየቅ ተከልክያለሁ። መጠየቅ ግን አላስፈለገም። እግሮቹን አገላብጠው አዩ፣ ከዚያ ዞር ብለው የቲማቲም ተክላቸውን ተመለከቱ። እኔም ተከትዬ ተመለከትኩ። እያንዳንዱ የቲማቲም ግንድ ከድጋፍ እንጨቱ ጋር የታሰረው በጥለት ነው፤ የደበዘዘ ሰማያዊ፣ የደበዘዘ ወርቃማ፣ የእናቴ ያረጁ ነጠላዎች ሁሉ። በየፋሲካው ከዶሮ እግር ላይ በመቀስ የተፈቱ ናቸው። አልጣሏቸውም።

«ይሄማ የእሷ እጅ ነው» አሉ። «መጥቶ ነበር ለካ! እኔ ደግሞ አያት ልትሄድ ነውና ከወዲሁ ረሳችኝ ብዬ… ወላሂ፣ ስንት ቀን አለቀስኩ።»

«ያ ካርቶን!» አለ ልጃቸው ጭንቅላቱን ይዞ። «በፋሲካው ጠዋት ተገልብጦ ሳገኘው ንፋስ መስሎኝ ለቆሻሻ ሰጠሁት እኮ!»

እሳቸው አልሰሙትም። እግሮቹን በሻሻቸው ጫፍ ይዘው፣ በነጠላ ጫማቸው፣ በበሩ ወጥተው በበራችን እየገቡ ነበር።

እናቴ ሳሎን ውስጥ ጆንያ አፍ እየሰፋች ነበር። ጎረቤታችን ሰላምታ ሳይሉ እግሮቹን ጆንያው ላይ አስቀመጡላት።

«ዶሮሽ ደርሷል» አሏት።

እናቴ አየችው። መነጽሯን አደረገችና እንደገና አየችው። ቋጠሮውን በጣቷ ነካችው።

«ከኮርኒሴ በላይ ነው የከረመው» አሉ ጎረቤታችን። «እኔ ከታች ተኝቼ አንቺን ሳማ እሱ ከላይ ነው።»

«ማን በላው?»

«ሰላም የማትለው ድመት» አልኩ እኔ።

«ድመት አይደለችም ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝ፤ በዚያ ሰዓት እንኳ አላለፈችኝም። ከዚያ ወደ ጎረቤታችን ዞራ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ታዲያ ምነው ዘንድሮ ቀረ ብለሽ አትጠይቂኝም?»

«ልለምንሽ? አንቺስ ደረሰሽ ወይ ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

«ውለታ ልቁጠርብሽ?»

ተፋጠጡ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ችግሩ እሱ ነበር። መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት፤ ጎረቤታችን ተከተሏት፣ ጆንያው ላይ እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። ሳቁ ረገብ ሲል እናቴ ዓይኗን እየጠረገች «ያ ሌት ተቀን የሚጮኸውስ ዶሮ?» አለች።

«ያንቺ ነዋ! ለአረፋ የገዛሁልሽ ነው። በሩ ድረስ ይዤው መጥቼ ልቤ እምቢ ብሎኝ ተመለስኩ።»

«ታዲያ ለምን አታርጂውም?»

«የሰው ዶሮ እንዴት አርዳለሁ?» አሉ ጎረቤታችን።

እናቴ ይህን ስትሰማ ሳቁ ከፊቷ ጠፋና እንደ ሕፃን አለቀሰች። የሰፋችውን ጆንያ በዚያው መርፌ መተርተር የጀመረችው እያለቀሰች ነው።

እሑድ ወንድሜ አይሱዙ ይዞ ሲመጣ ሁለቱን ሴቶች ግቢ ውስጥ ተቀምጠው አገኛቸው፤ መካከላቸው ላይ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ቆሟል። የሚጫን ዕቃ የታለ አለ። እናቴ ጣውላና የወንፊት ሽቦ እንዲያመጣ አዘዘችው፤ የዶሮ ቤት ሊሠራ ነው፣ በር ያለው። ወንድሜ ስለ ሊፍቱ ሊያስታውሳት ሞከረ። «ሊፍትህ ከጎረቤት ያስታርቃል?» አለችው። አይሱዙው ጣውላ ጭኖ ተመለሰ።

ሹፌሩ ለሸለምጥማጧ መርዝ ላድርግ ብሎ ነበር። እናቱ ተቆጡት፤ «አብሽር፣ ድርሻዋን ነው የበላችው፤ አይጡን ማን ሊበላልህ ነው?» አሉት። ልጁም እሷ ከኮርኒሱ ስትወጣ ጠብቆ ክፍተቱን ደፈነው። አሁን የት እንደምታድር በእርግጥ አላውቅም፤ ወይራው ላይ አንድ ጎድጓዳ አለ፣ እሱን እጠረጥራለሁ። ሲመሽ በአጥሩ ላይ ታልፋለች። አሁንም ሰላም አትልም።

ዘንድሮ በፋሲካ ዋዜማ እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ የስጦታውን ዶሮ በጉልበቷ ይዛ በጥለት ታስራለች። ገና ቋጠሮውን ሳትጨርስ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ ወደ አጥሩ ጮኸች።

«ደረሰሽ?»

«አንቺ!» አሉ ጎረቤታችን ከማዶ። «ገና እጅሽ ላይ ነው እኮ!»

«ይሁና፣ እንዲያው ልጠይቅሽ ብዬ ነው» አለች እናቴ።